ጎረቤት እንዳላስቸግር የማስኩት ጉድጓድ

«ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው» ይላል ያገሬ ሰው። እኔ አርቄ ማስኩት። ማን እንደሚገባበትም በደንብ የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ ውሃ ነዋ! የገባሁበት ግን ራሴ ነኝ። ያውም በጁምዓ ቀን፣ ያውም ሰፈር ሙሉ ሰው እያየ፣ ያውም መጨረሻው ላይ ያለ ሱሪ። ታሪኩን ከእኔው አፍ ብትሰሙት ይሻላል፤ የገዳሪፍ ሰው ሲያወራው ይጨምርበታል።

ኑርሁሴን እባላለሁ። ትውልዴ ሸዲ ነው፣ መተማ በኩል። ገዳሪፍ ገበያ ዳር ሳሙናና ስኳር፣ ሻይ ቅጠልና ዘይት የምሸጥባት ዱካን ከከፈትኩ ዘመን ተቆጥሯል። ልጆቼ አድገው ወደ ከሰላ ሄደዋል፤ ቤት ያለነው እኔና ባለቤቴ ዘምዘም ብቻ ነን። ያን ጊዜ በሰፈሩ የምታወቀው ሁሉ ነገር ያለው ሰው ተብዬ ነው፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። መሰላል አለኝ። ዶማ፣ አካፋ፣ ካሪዮላ፣ ወፍራም ገመድ፣ መጋዝ፣ ትልቅና ትንሽ መዶሻ አለኝ። በያንዳንዱ ዕቃ ላይ ስሜን በቀይ ቀለም ጽፌበታለሁ፤ በአማርኛም በዐረብኛም፣ ማንም «አላነበብኩም» እንዳይለኝ። ዕቃዎቹ የሚያድሩት ግቢዬ ጥግ ባሠራሁት፣ በሩ ብረት በሆነ መጋዘን ውስጥ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ከሱሪ ኪሴ አይወጣም። ስተኛ ሱሪውን ከራስጌዬ አደርገዋለሁ።

«እስቲ አውሰኝ» የሚል ሰው ከመጣ መልሴ የተዘጋጀ ነው። «ውይ! በቀደም ተሰበረ እኮ» እላለሁ። ዘምዘም አንድ ቀን «አንተ ሰውዬ፣ ይኸ መሰላል በዓመት ስንት ጊዜ ነው የሚሰበረው?» ብላኛለች።

ሱዳኖች ደግሞ አንድ ልማድ አላቸው። ሁለት ጎረቤታሞች በሚጋሩት ግንብ መሀል አንዲት ትንሽ በር ይተዋሉ፤ ሴቶቹ ወደ መንገድ ሳይወጡ እንዲጠያየቁ፣ ወጥ እንዲቀባበሉ፣ ልጅ ሲያለቅስ ቶሎ እንዲደርሱ። ነፋጅ ይሏታል። እኔ የተከራየሁት ቤት ከሐጃ ሳዕዲያ ግቢ ጋር የምታገናኝ ነፋጅ ነበረችው። ሐጃ ሳዕዲያ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ድምፃቸው ከሰፈር ሰፈር የሚሰማ ባልቴት ናቸው። በገባሁ በሳምንቱ ጡብና ጭቃ አመጣሁና፣ ለግንበኛ ምን አስከፈለኝ ብዬ፣ በገዛ እጄ ደፈንኳት። ሐጃ በወዲያ በኩል ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩና፣

«አንተ ኑርሁሴን፣ ምን እያደረግህ ነው?» አሉኝ።

«ነፋስ እየገባብን ነው» አልኳቸው።

ገዳሪፍ በሚያዝያ! ነፋስ ተገኝቶ!

እንግዲህ ጦርነቱ መጣ። ውጊያው እኛ ዘንድ ባይደርስም ሰዉ ደረሰ፤ ከኻርቱምና ከመደኒ የሸሸ ሕዝብ ሰፈሩን ሞላው። መብራት ይጠፋል፤ መብራት ሲጠፋ የውሃ መሳቢያው ይቆማል፤ ቧንቧው ደርቆ ይሰነብታል። ውሃ በካሮ፣ ማለት በአህያ ጋሪ፣ እየተዞረ ይሸጥ ጀመር። ጎረቤቶቼ ሐጃ ሳዕዲያ ደጃፍ ተሰብስበው መከሩ። ተባብረን አንድ ትልቅ በርሜል እንትከል፣ ቦቴ እናስመጣ፣ ሁሉም ከዚያ ይቅዳ ተባባሉ። እኔንም ሊጠይቁኝ መጡ።

«የጋራ ነገር ለእኔ አይሆነኝም» አልኳቸው። «ማንንም ማስቸገር አልወድም። ማንም እንዲያስቸግረኝም አልወድም።»

ንግግሬ በጣም ደስ አለኝ። ማታ ለዘምዘም ደገምኩላት። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ኸሪፉ፣ ማለት ክረምቱ፣ ማጉረምረም ሲጀምር የራሴን ጉድጓድ ለመማስ ወሰንኩ። የጣራዬ ውሃ ወደ ጉድጓዴ፣ የጉድጓዴ ውሃ ወደ ጀርካኔ፤ ከማንም ሳልገናኝ። የገዳሪፍን አፈር የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው፤ ጥቁር ነው። በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ዝናብ ሲያገኘው ደግሞ ጫማ ይቀማል፣ መኪና ያስቀራል፣ አህያ ያስለቅሳል። እንደ እኔ ያለ፣ ሆዱ ከቀበቶው የቀደመ ባለ ዱካን በዚህ አፈር ላይ ዶማ ሲያነሳ ማየት ለጠላት ደስታ ነው። ቢሆንም ሠራተኛ አልቀጠርኩም፤ ሠራተኛ ውሃ ይጠይቃል። በየቀኑ ጧት ጧት እየማስኩ፣ ቆሜ እጄን ስዘረጋ አፉን በጭንቅ የምነካበት ደረጃ ላይ ደረስኩ።

ዘምዘም ሀዋታ ከተማ እህቷ ዘንድ ልትሄድ ጓዟን ይዛ ስትወጣ አፉ ላይ ቆማ ቁልቁል አየችኝ።

«አፈሩን ለምን ከአፉ ላይ ትከምረዋለህ? ተመልሶ አይመጣብህም?»

«አንቺ ሴትዮ፣ አፈር እግር የለውም» አልኳት።

ይህችን ቃሌን እስከ ዛሬ ድረስ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ትነግርልኛለች።

በማግስቱ ጁምዓ ነበር። ያለፈው ሌሊት ዘንቦ ሰማዩ ጠርቷል። ዱካኔን ሳልከፍት፣ ከሶላት በፊት ትንሽ ልማስ ብዬ የግቢዬን በር ከውስጥ ቀረቀርኩና ወረድኩ። በምን ወረድክ ካላችሁኝ፣ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ መርገጫ ቆርጬ ነበር። መሰላሉን ለምን አላወረድክም ካላችሁኝ ደግሞ፣ ጭቃ እንዳይነካው ነው።

ሲናድ ድምፅ አልነበረውም። ከጀርባዬ አንድ ነገር ሲተነፍስ የሰማሁ መሰለኝ። ዞር ልል ስል እግሬ ዞር አላለም። ያ የከመርኩት አፈር ከነግድግዳው መጥቶ በአንድ ጊዜ እስከ ደረቴ ዋጠኝ። አካፋው ከእኔ ጋር ተቀበረ። ከላይ የቀሩልኝ ሁለት እጆቼ፣ ጭንቅላቴና ምላሴ ነበሩ፤ ምላሴም ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፈታ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ምን መሰላችሁ? መጮህ? አይደለም። ዙሪያዬን አየሁ፤ ያየኝ ሰው አለመኖሩን ለማረጋገጥ።

ከዚያ በጣቴ መቧጠጥ ጀመርኩ። አንድ እፍኝ ሳወጣ ሁለት እፍኝ ይመጣል። ስተነፍስ ደረቴ በጠበበ ቁጥር አፈሩ ይጠጋል፤ መልሼ ልነፋው ስል አይለቀኝም። ከግንቡ ውጭ የሰው ኮቴ ተሰማኝ፣ የካሮ ጎማም ይንቋቋል። ዐም ዑስማን ነው፣ ውሃ ሻጩ። ልጠራው አፌን ከፈትኩ፤ ወዲያው «ምን ልለው ነው?» የሚል ሐሳብ መጣብኝና ዘጋሁት። ውሃ ከእሱ ላለመግዛት የማስኩት ጉድጓድ እኮ ነው! ካሮው አለፈ። ትንፋሼን ይዤ አሳለፍኩት፣ ልክ ዕዳ እንዳለበት ሰው።

ከዚያ በምሥራቅ በኩል ነጎደ።

ነጎድጓዱን ስሰማ የሆነውን በአንድ ጊዜ ተረዳሁ። የጣራዬን ውሃ በሙሉ ወደዚህ ጉድጓድ የሚያመጣ ቦይ በገዛ እጄ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ሁሉ እንደ ነፋጇ ግንብ የተንጋደደ ቢሆን በወደድኩ፤ ቦዩ ግን አምሮ ነበር።

«እዚህ… ሰው አለ?» አልኩ። እንደ ጨዋ ሰው፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ።

ከግንቡ ወዲያ የሐጃ ሳዕዲያ ድምፅ መጣ። «ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ኑርሁሴን።»

«የት ነህ?»

«እቤቴ ነኝ።»

«እና ምን ትፈልጋለህ?»

«ምንም አይደል፣ ሐጃ… ትንሽ ተይዤ ነው።»

ወደ ግንቡ ተጠጉ። ቀጥሎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማን ያዘህ? ወታደሮች ናቸው?» አሉኝ።

«ኧረ አይደሉም።»

«ታዲያ ማን?»

«መሬት» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ሐጃ ያወጡት ጩኸት ቀላባት ድንበር ላይ ተሰምቷል ቢባል አልከራከርም። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። በሬን ደበደቡት፤ በሬ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በግንቡ ሊወጡ አሉ፤ ግንቡ አናት ላይ የተሰበረ ጠርሙስ ተክዬበታለሁ።

«መሰላል!» አለ አንዱ።

«መሰላል ያለው እሱ ነው» አለ ሌላው።

እኔ ከታች ሆኜ ይህን ሁሉ እሰማለሁ። በመጨረሻ ሐጃ «ነፋጇን!» ብለው ጮኹ። የጡብ መመታት ተሰማ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ከዚያ ጥርምስ አለ። ያን ግንብ የገነባው ጥሩ ግንበኛ ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። አል-ሐምዱሊላህ፣ የገነባሁት እኔ ነበርኩ።

ከላይ ፊቶች ተደረደሩ። ሐጃ ሳዕዲያ፣ ዐም ዑስማን፣ ከኻርቱም የመጡት ባልና ሚስት፣ ከእኔ ፊት ለፊት የሚኖረው ቀጭን የትግራይ ሰው፣ ሚስቱም ከኋላው። ሁሉም በአንድ ጊዜ አወሩ፤ በዐረብኛ፣ በአማርኛ፣ በትግርኛ።

«ሰውዬው ግማሹ የት ሄደ?» አለ አንዱ።

ዐም ዑስማን እጁን በወገቡ አድርጎ ቁልቁል አየኝ። «ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ አካፋ የለህም?»

«አለኝ። መጋዘን ውስጥ ሌላ አለ። ዶማም፣ ገመድም አለ።»

«ቁልፉስ?»

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ኪስህስ?»

በጣቴ ወደ ታች ጠቆምኩ። ዐም ዑስማን ወደ ሰዉ ዞሮ በሐዘን፣ «ኪሱም አብሮት ተቀብሯል» አለ።

ሳቁ! ወላሂ፣ ሰው እየሞተ ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል ደረቴ አልተነፋ አለኝና ሳል ይዞኝ ሊገድለኝ ደረሰ። ያኔ ሳቁ ቆመ።

«መጋዘኑን ስበሩት!» አሉ ሐጃ።

«አይሆንም!» አልኩ። አዎ፣ ብያለሁ። እስከ ደረቴ ተቀብሬ፣ ደመናው ከራሴ በላይ ጠቁሮ፣ «ያ በር ብዙ ያወጣሁበት ነው!» አልኩ።

ሐጃ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከኩ። ድምፃቸው እንደገና ዝቅ አለ። «ልጄ ኑርሁሴን፣ አንተ እዚያው ከቀረህ ለማን ነው የተቆለፈው?»

«ስበሩት» አልኩ።

በድንጋይ ደበደቡት፤ በመጥረቢያ ደበደቡት። አልሰበር አለ። እንደዚያ ሆኜ እንኳ ለአፍታ ኮራሁበት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከታች ሆኜ አየሁ። ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሮጦ ያለውን ይዞ መጣ። ሐጃ ሊጥ የሚያቦኩበትን ትልቅ ሳህን። የኻርቱሞቹ የልብስ ማጠቢያ ሳፋቸውን። ቀጭኑ ሰው ሰሊጥ የሚያርምበትን አጭር መኮትኮቻ። ዐም ዑስማን የካሮውን ገመድ ከነአህያው። አንዱ አልጋውን፣ ያን በገመድ የተጠለፈ የሱዳን አንገረብ፣ በራሱ ተሸክሞ መጣ። በየትኛውም ዕቃ ላይ ስም አልተጻፈበትም።

ዐም ዑስማን በመጀመሪያ የራሱን ዘዴ ልሞክር አለ። ገመዱን በብብቴ ሥር አሳለፉና ከአህያው ጋር አሰሩት። «ሐ!» ሲለው አህያው ሳበ፤ እኔም ጮኽኩ። ወገቤ ሁለት ሊሆን ምንም አልቀረው። አህያው ጩኸቴን ሲሰማ ደንግጦ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ቢመቱት፣ ቢለምኑት አንዲት እርምጃ አልሄደም። ከተሰበሰበው ሁሉ የእኔን ጉዳት ቶሎ የተረዳው እሱ ነበር።

«ሰው መውረድ አለበት» አለች የቀጭኑ ሰው ሚስት። ግድግዳው በሌላው በኩልም ተሰንጥቆ ሁሉም ያየዋል። ባሏ ጫማውን አወለቀ። አንገረቡን በጉድጓዱ አፍ ላይ አጋደሙት፤ ገመዱን በወገቡ አሰሩለት፤ አልጋውን ይዞ እየተንጠለጠለ ወደ እኔ ወረደ። ለምን እሱ? ከሁላችን ቀጭኑ እሱ ስለሆነ ብቻ። ከእኔ ጋር እዚያ ውስጥ የሚበቃ ቦታ ያለው እሱ ነበር።

ፊት ለፊቴ ተንበርክኮ በመኮትኮቻው አፈሩን ይቧጥጥ፣ በሳህኑ እየሞላ ወደ ላይ ይሰጥ ጀመር። ከላይ ያሉት በሳፋ ይቀበሉታል፤ ርቀው ይደፉታል፤ ባዶው ይመለሳል። ፊቱ ከፊቴ አንድ ስንዝር አይርቅም። ላቡ ይንጠባጠብብኛል።

«ኣጆኹም» ይለኛል በየመሀሉ በቋንቋው፤ አይዞዎት ማለቱ ነው።

ከዚህ ሰው ጋር በር ለበር ስንኖር ኸሪፍ መጥቶ ኸሪፍ ሄዷል። ትንፋሹ ትንፋሼን እየነካው እንዲህ አልኩት፣

«ወንድሜ… ስምህ ማን ነው?»

እጁ ለአፍታ ቆመ። «ሀፍቶም።»

«አላውቅም ነበር። እኔ በልቤ ‹ቀጭኑ› ነበር የምልህ።»

ሳቀ። «ምንም አይደል፣ ጋሽ ኑርሁሴን። እርስዎንም ሰፈሩ ‹አቡ ቡህያ› ነው የሚልዎት።»

የቀለም አባት! ለካ ሁሉ ነገር ያለው ሰው የሚለኝ አንድም ሰው አልነበረም። ከእኔ በቀር።

ሀፍቶም እየቧጠጠ ነገረኝ። ሑመራ ላይ ቤት ነበረው፤ የትግራዩ ጦርነት ሲመጣ ተከዜን ተሻግሮ ሱዳን ውስጥ መንደር ስምንት የሚባል የስደተኛ ሰፈር ገባ፤ ከዚያ ካምፕ፤ ከዚያ ቁረይሻ እርሻ ላይ የቀን ሥራ። «መንደር ስምንት ስንደርስ አንድ ድስት ለብዙ ቤተሰብ ነበር» አለኝ። «ተራ ይዘን ነበር የምንቀቅልባት። ድስቷ የማን እንደነበረች እስከ ዛሬ አላወቅኩም።» ይህን ያለው እኔን ሊወቅስ አይደለም፤ እንዳልተኛ ሊያጫውተኝ ነው። እኔ ግን ከአፈሩ ይልቅ ያቺ ድስት ከበደችኝ።

የጁምዓ አዛን ተሰማ፤ ማንም አልሄደም። ወዲያው የመጀመሪያዋ ጠብታ ግንባሬ ላይ አረፈች። ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ። አምሮ የተሠራው ቦዬ ሥራውን ጀመረ፤ ውሃው በጀርባዬ ወረደ። ሐጃ ቦዩን በእግራቸው ሊያፈርሱ ሲታገሉ ይሰማኛል። ሀፍቶም እስከ ጭኔ ድረስ ነፃ አውጥቶኛል፤ ከዚያ በታች ግን አፈሩ ጭቃ ሆነና ጨርቁን ጨብጦ አልለቅ አለ።

«ሱሪዎ ነው የያዘዎት» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ሴቶች፣ ወንዶች፣ የኻርቱም ጨዋዎች። «ሌላ መንገድ የለም?»

«ጋሽ ኑርሁሴን!» አለ ሀፍቶም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸብኝ። «ይፍቱት!»

ፈታሁት። «ጀርባችሁን አዙሩ!» አሉ ሐጃ ከላይ፤ ግን ገመድ እየሳቡ ጀርባ ማዞር አይቻልም። ሁሉም ሳቡ። ጭቃው አንድ አሳፋሪ ድምፅ አሰማና እንደ ተነቀለ ጥርስ ወጣሁ። ሱሪዬ፣ ቀበቶዬ፣ የመጋዘኔ ቁልፍ እዚያው ቀሩ። ሐጃ ሳዕዲያ ትከሻቸው ላይ የነበረውን ቶብ፣ ያን የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ረጅም ጨርቅ፣ ገፈው ወረወሩብኝ። ቢጫ ነው፤ ትልልቅ አበባ አለበት።

ከአበባው ውስጥ ጭንቅላቴን ሳወጣ የሀፍቶም ሚስት ጮኸች። የተሰነጠቀው ግድግዳ ማዘንበል ጀምሯል። ሀፍቶም ገና ታች ነው።

ያን ጊዜ ማን ምን እንዳለ አላስታውስም። ቶቡን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ገመዱን ያዝኩ፤ ቀጥሎ ቶቡን ረሳሁትና በሁለቱም ያዝኩ። ከፊቴ ዐም ዑስማን፣ ከኋላዬ የኻርቱሙ ሰውዬ፣ ከጎኔ የሀፍቶም ሚስት። እግራችን እየተንሸራተተ ሳብን። ደረቴ የተሰበረ ያህል ያመኛል፤ ሳብኩ። የሀፍቶም እጅ አንገረቡን ሲይዝ አየሁ፤ ጭንቅላቱ ወጣ፤ ጉልበቱ ወጣ። ጉድጓዱ ከሥሩ በቀስታ ተዘጋ። ሳህኑና መኮትኮቻው ውስጥ ቀሩ።

ሁላችንም ጭቃው ላይ በዝናብ ቁጭ አልን። ሀፍቶም እያለከለከ ወደ እኔ አየ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፣ «ቢጫ ይሄድብዎታል» አለኝ። ሳቃችን ከነጎድጓዱ በለጠ። እኔ ግን እየሳቅኩ ጀምሬ እያለቀስኩ ጨረስኩት፤ ዝናብ ስለነበር ማንም አላየኝም ብዬ አምናለሁ።

ዘምዘም ከሀዋታ ስትመለስ ግንቡ ተሸንቁሯል፤ ጉድጓዱ የለም፤ ባሏ ወገቡ ታስሮ ሐጃ ሳዕዲያ ቤት ሾርባ ይጠጣል። ሁሉንም ነገር ሰማች። በነፋጇ ወጥታ በነፋጇ ገባች፤ ደግማ ወጣችና ደግማ ገባች። ብዙ ዘመን የተመኘችውን ነገር የምታደርግ ሰው ትመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ጉድጓዱ በነበረበት ቦታ ዛሬ የሰፈሩ የውሃ በርሜል ቆሟል፤ ቦቴው መጥቶ ይሞላዋል፤ ሁሉም ይቀዳል። የመጋዘኔን በር በያጅ መጥቶ ከማጠፊያው ነቀለው፤ መልሶ ግን አልተከለውም፤ እኔም አልጠራሁትም። ካሪዮላው ከወጣ አንዳንዴ ሳምንት ይቆያል። መሰላሉ አንድ መርገጫ ጎድሎት ተመለሰ፤ አሁን እንኳ በእውነት ተሰብሯል። አልዋሻችሁም፤ ቆጨኝ። አሁንም ዕቃዬ ሲወጣ እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኔ እሸኘዋለሁ። ሰው በአንድ ጁምዓ መልአክ አይሆንም።

እንዲያውም ሌላ በሽታ ያዘኝ፤ መስጠት። ማንም ሳይጠይቀኝ «ዶማ ትፈልጋለህ? ገመድ ላውስህ?» እያልኩ በየበሩ እዞር ጀመር። ስሰጥ ድምፄ ራሱ ይወፍራል። አንድ ቀን ሐጃ ሳዕዲያ ጠሩኝና፣ «ኑርሁሴን፣ ከእኛ ጋር ገና አልታረቅክም» አሉኝ።

«እንዴት ሐጃ? ያልሰጠሁት ምን አለ?»

«እሱን ነው የምልህ። ትሰጣለህ፤ አንዲት ነገር ግን ጠይቀኸን አታውቅም። የሚሰጥ ብቻ ከሆነ ያ ሰው ሹም ነው፣ ጎረቤት አይደለም።»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ እንድትሰሙኝ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ስለ ጉርብትና ሲወራ ሁሉም ሰው ስጡ፣ አካፍሉ ይላል። መስጠት ለኩሩ ሰው ቀላል ነው፤ ኩራቱን ይቀልብበታል። የሚከብደው ደጅ ቆሞ «ይህ የለኝም» ማለት ነው። እኔ እንኳ ያን ቀን ከጉድጓዱ ውስጥ የጠየቅኩት ወድጄ አልነበረም፤ ነጎድጓዱ ነው ያስጠየቀኝ። ጤነኛ ሆኜ፣ በሁለት እግሬ ቆሜ መጠየቅን የተማርኩት ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።

ከሸዲ ስልክ መጣ። ታናሽ ወንድሜ ሞቷል። ታሞ ነው፤ ያውም ወንድሙ አጠገቡ ሳይኖር። መንገዱ በተኩስ ተዘግቶ መሄድ አይቻልም፤ ድንበሩ ቅርብ ነው፣ ግን እኔንና ወንድሜን ለመለያየት በቂ ነው። ቀብሩ ላይ አልቆምኩም። አፈር አላለበስኩትም። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ። የድሮው እኔ ቢሆን በሩን ዘግቶ ሐዘኑን ለብቻው ይጨርስ ነበር።

ተነሥቼ ሐጃ ሳዕዲያ ዘንድ ሄድኩ። ከደጃቸው ተቀምጠው ባሚያ ይቆርጣሉ።

«ምን ፈለግህ፣ ልጄ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ሰው» አልኳቸው። «ሐጃ፣ ወንድሜ ሞቶብኛል። ሰው አውሱኝ።»

ቢላዋው ከእጃቸው ወደቀ። ወደ መንገዱ ወጥተው ድምፃቸውን አነሡ። ወደ ቤቴ ስመለስ ከየቤቱ ምንጣፍ እየወጣ ነበር። ዐም ዑስማን ውሃውን ሳይሸጥ አህያውን ደጄ ላይ ከካሮው ፈታ። ወንዶቹ እየገቡ እጃቸውን ዘርግተው ለሟቹ የፋቲሓ ዱዓ አደረሱ። ሀፍቶም ክርስቲያን ነው፤ እነሱ እስኪጨርሱ አንገቱን ደፍቶ ቆመና መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ወንድሜን ከመካከላቸው አንድም ሰው አያውቀውም።

ሀፍቶም ጉልበቴን ነካ አደረገኝ። «ይንገሩን እስቲ፣ ጋሽ ኑርሁሴን» አለ። «ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«መሐመድ ይባላል» ብዬ ጀመርኩ። «ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል…»

ፀሐይዋ እስክትጠልቅ አወራሁላቸው። ማንም ከምንጣፉ አልተነሣም።